በመቐለ ሰማይ ሥር፦ የከተማዋ አእዋፍ ቅኝት

መቐለ ላይ ወፍ ለመቁጠር ጫካ ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። ማልዶ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት አካባቢ ቆሞ ወደ ድንጋይ ግንቡና በዙሪያው ወዳሉት ጣሪያዎች ማንጋጠጥ ለጅምር ይበቃል። እርግቦቹን አላፊ አግዳሚው በአንድ ስም ጠርቶ ያልፋቸዋል፤ አስተውሎ ላያቸው ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ አላት፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች። ሁለተኛዋ ጠቆር ያለች ግራጫ ናት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት፣ ስትበር ደግሞ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። ይህቺ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም።

የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ሲያልፍ ይህቺን እርግብ ሰብስቦ ወስዶ ለሳይንስ አስመዘገባት። ዛሬ በከተማችን እንደ ተራ ነገር የምናያቸው ሌሎች ወፎችም የተመዘገቡት በእሱ እጅ ነው። ታዲያ አንድ አውሮፓዊ ባሕር ተሻግሮ የመጣላቸውን ወፎች እኛ በየማለዳው በራፋችን ላይ እያየን ስማቸውን አለመጠየቃችን ያስቆጨኛል።

ወደ እንዳ ኢየሱስ ሲወጣ ጥቋቁሮቹ ይበዛሉ። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ምሽግ ሠርቶ የተከበበበት፣ ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለበት ኮረብታ ነው። እዚህ ቁራ ሲያዩ መጀመሪያ ማየት ጅራቱን ነው። ጅራቱ እጅግ አጭር ሆኖ ሲበር ከኋላው የተቆረጠ የሚመስለው አንዱ ዝርያ ነው። ግዙፉና ምንቃሩ ወፍራም ቆልማማ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም የሩፔል ምዝገባ ነው። ከቁራ አነስ ያሉ፣ እየተንጫጩ ከገደል ወደ ሕንፃ የሚመላለሱ ጥቁር ወፎች ካሉ ምንቃራቸውን ማየት ነው። ነጣ ያለ ምንቃር፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጅራት፣ ሲበሩ የሚገለጥ ቀይ ክንፍ ካላቸው እነሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናቸው። የሴቷ ራስ ግራጫ ስለሆነ ጀማሪ ሌላ ዝርያ ያገኘ ይመስለዋል። ምንቃሩ ጥቁር፣ ጅራቱም ረጅምና ሹል ከሆነ ግን በእርግጥም ዘመዳቸው የሆነ ሌላ ዝርያ ነው።

ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ትልልቆቹም አብረውት ይወጣሉ። ያኔ መሄጃው ወደ ቄራው አቅጣጫ ነው። እዚያ የሚያንዣብበውን ሁሉ ሰው አሞራ ይለዋል፤ ለቆጣሪ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጅራቱ መሐሉ ገባ ያለና ዘወትር የሚጠማዘዝ ከሆነ ከልጅ እጅ ሥጋ የሚመነትፈው ባለ ቢጫ ምንቃሩ ነው። ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር፣ ፊቱ ላባ የሌለው ሮዝ፣ ምንቃሩም ቀጭን ከሆነ ትንሹ ጥንብ አንሣ ነው። ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ፊቱ ደም ይመስላል። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል የሞተውን ለመተካት ጊዜ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ እሱም፣ በሩፔል ስም የተጠራው ትልቁ ጥንብ አንሣም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድበዋል። አፍሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚጨርሳቸው ጅብና ውሻ ለመግደል ሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው፤ ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምሰሶም ያቃጥላቸዋል።

የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ጥንብ አንሣ ገና በብዛት ስለሚታይ መቁጠሩ ትርፍ ሥራ ይመስላል። በሕንድም እንዲሁ ይመስል ነበር። ባራትፑር አጠገብ ባለው የኬዎላዴዎ ፓርክ ቪብሁ ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥንብ አንሣዎችን ቆጥረው ስለነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲቆጥሩ እልቂቱን ማሳየት ቻሉ። በኋላ ጥፋተኛው ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑ ታወቀ፤ ሕንድም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ በምን ይመዘን ነበር?

መቐለ ላይ የሚቆጥር ሰው አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ቀኑ የጾም ይሁን የፍስክ ይጻፍ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲቀንስ የአካባቢው ጅቦች ወደ አህያ አደን እንደሚዞሩ አሳይተዋል። ከዚያው ትርፍራፊ የሚበላ አሞራም በሁዳዴና በፋሲካ ማግሥት አንድ ዓይነት ቁጥር ይኖረዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ቀን የተረፈው ከከተማው በስተ ደቡብ ወደ ጨለቆት ይውረድ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1810 (እ.ኤ.አ.) በራስ ወልደ ሥላሴ እንግድነት የተቀመጠው እዚያ ነው። ከዚህ ጉዞው በኋላ በ1814 ለሳይንስ ከተመዘገቡት ወፎች አንዷ ክንፏ ጥቁር የሆነች ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ናት፤ የሳይንስ ስሟን ያገኘችው ከባሕር ወደ ደጋው ከሚያወጣው የታራንታ ተራራ መተላለፊያ ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። የሾላና የጥድ ፍሬ ስለምትበላ ፍለጋው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካሉት የጥድና የወይራ ዛፎች ይጀምራል። በትግራይ ጦርነት ዓመታት ስንት ዛፍ ለማገዶ እንደወደቀ ለሚያውቅ፣ እነዚህ ግቢዎች ምን ያህል ውድ እንደሆኑ መናገር አያሻም።

ለዚህ ሥራ ባይኖኩላር ቢኖር መልካም ነው፣ ባይኖርም ደብተርና እርሳስ ያስጀምራሉ። በየወሩ በተመሳሳይ መንገድና ሰዓት መሄድ፣ ያዩትን ሁሉ ከነብዛቱ መጻፍ፣ ያልለዩትንም «ያልታወቀ» ብሎ ማስፈር ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስለሚደባለቁ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ነባሮቹን ለመልመድ የተሻለው ጊዜ ከእነሱ መምጣት በፊት ያለው ክረምት ነው።