የዳገቱ እምቧጮ

የደጋና የወይና ደጋ ገደላ ገደል ያየ ሰው እምቧጮን ያውቀዋል፤ እረኛ የነበረ እንደ ሆነም በምላሱ ጭምር ያውቀዋል። ለጋ ግንዱን ልጦ ያልመጠጠ፥ በኮምጣጣነቱም ፊቱን ያላጨማደደ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። እኛም የቆሎ ተማሪ ሳለን ቁራሽ ፍለጋ ስንወጣ በመንገድ እየቀነጠስን በልተነዋል። ይሁን እንጂ አንድን ነገር በአፍ ማወቅ ሌላ፥ ጠባዩን መርምሮ ማወቅ ሌላ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ያውም በሰው ኪሳራ።

በ2003 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ድንጋያማ ስለ ሆነ ከእምቧጮ በቀር ብዙ ነገር አይበቅልበትም። እኛም ለዓይን ስላላማረን፥ ከማገዶ በቀር ለሌላ የማይረባ መስሎን፥ በግንቦት ወር ተማሪዎቹን በዶማ አሰማርተን ከነሥሩ አስነቀልነውና የባሕር ዛፍ ችግኝ አስተከልንበት። ያን ቀን ደስ ብሎን እንደ ነበር አንሸሽግም። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ግን አፈሩ ከነችግኙ፥ ከነድንጋዩ ተንዶ ከዳገቱ ግርጌ በሚገኘው በአንዲት ባልቴት የገብስ ማሳ ላይ ወረደ። በማግሥቱ ልናጽናናቸው ብንሄድ ከማሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው። ቍጣ አልተናገሩንም።

«የኔታ፥ ያን ሁሉ ድንጋይ እስከ ዛሬ ማን ይዞት ኖሯል?» አሉን።

የምንመልስላቸው አልነበረንም።

መልሱን ከመጽሐፍ ለመፈለግ ተነሣን። የዕፅዋት ሊቃውንት እምቧጮን ሩሜክስ ነርቮሰስ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት ማርቲን ቫህል የተባለ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1790 ነው። ነርቮሰስ በላቲን ቋንቋ «ጅማታም» ማለት ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ የባልቴቲቱ ጥያቄ ትዝ አለን። መቅመቆና ቱልት የቅርብ ወንድሞቹ ናቸው፤ በሩሲያ ገንፎ የሚሠራበት ባክዊት የተባለው እህልም ስንዴ ሳይሆን የዚሁ ወገን ነው። የወገኑ ስም ፖሊጎናሲ ሲሆን ከግሪክ «ብዙ ጉልበት» ከሚለው ቃል የወጣ ነው ይላሉ፤ ጉልበት ያሉት አንጓውን ነው። አንባቢ ሆይ፥ አንድ የእምቧጮ ዘንግ ይዘህ አንጓውን ብትመለከት፥ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ስፍራ ስስ ሽፋን ግንዱን እንደ እጀ ጠባብ ጫፍ ከቦት ታገኛለህ። ከዚህ ወገን የብዙዎቹ መታወቂያ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ መታወቂያው የሌለው ዘመድም አለው። በምዕራባዊው የሰሜን አሜሪካ ደረቅና ዓለታማ አገር ኤሪዮጎነም የሚባሉ፥ ቁጥራቸው ወደ 250 የሚጠጋ የዱር ባክዊት ዓይነቶች ይበቅላሉ። አንድሬ ሚሾ የተባለው የፈረንሳይ የዕፅዋት ሊቅ ያወጣላቸው ስም እ.ኤ.አ. በ1803 ታተመ፤ ትርጓሜውም «የሱፍ ጉልበት» ነው። የብዙዎቹ ቅጠል በነጭ ጠጉር የተሸፈነ ነው፤ ጠጉሩም የፀሐዩን ትኵሳት እየመለሰ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ያግዛል። በካሊፎርኒያ የሚበቅለው ዓይነት ለንብ እጅግ የተመቸ ነው፤ ከእርሱም ማር ይቆረጣል። የእኛ እምቧጮ ግን ንብ አይጠብቅም፤ ደቃቃ አበባውን ዱቄት ነፋስ ያደርስለታል። ዘሩም ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን እንደ ወረቀት በሳሱ በሦስት ክንፎች ተጠቅልሎ በነፋስ ይሄዳል።

የኮምጣጣነቱ ምክንያት ኦክሳሊክ አሲድ የተባለው ነገር ነው። ልጆች ጥቂት ቢቀምሱት አይከፋም፤ ያለ ልክ የተበላ እንደ ሆነ ግን ኵላሊትን ይጎዳልና እናቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ስለ ሥሩ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረን ዶማው ነው። በዚያ በግንቦት ወር ልጆቹ አንዱን ቍጥቋጦ ለመንቀል ሁለትና ሦስት ሆነው ሲታገሉ፥ ሥሩ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሾልኮ ገብቶ፥ ድንጋዩን ይዞ አብሮ ሲመጣ አይተናል። አይተን ግን ስለ ልጆቹ ድካም እንጂ ስለ ድንጋዩ አላሰብንም።

ለባልቴቲቱ የዘር ገብስ ገዝተን ሰጠናቸው፤ የማሳቸውን አፈር ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም። በቀጣዩ ዓመት ከወላጆች ጋር ሆነን በዳገቱ ላይ የድንጋይ እርከን ሠራን። ከዶማ የተረፈው ሥርም ሳንተክለው አቆጠቆጠ፤ በዚህን ጊዜ የነካው ሰው የለም። ከማሳው ላይ ሊነሣ ያልቻለው ድንጋይ በአንድ ጥግ ተከምሮ ቀርቷል። ባለፈው ዓመት በዚያ ስናልፍ ብናየው፥ በክምሩ ላይ እምቧጮ በቅሎበታል።