አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ትምህርታችን ውድቀት ለዓመታት ብዙ ብያለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥሩ 3.2 ሲሆን፣ ባለሥልጣናትን ወቅሻለሁ፤ ፖሊሲ ተችቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ መጠነኛ መሻሻል ቢያሳይም ወቀሳዬ አልቀነሰም። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ግን አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ከበራቸው ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ስለ ትምህርት ትጽፋለህ ይሉኛል። የልጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ አይችልም። ከምትጽፍለት ብታስነብበው ምናለ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዘገብኩ። ከተመዝጋቢዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፋሁት እኔ በመሆኔ ይመስለኛል፣ በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት የአስጠኚዎች ቡድን መሪ ተባልኩ።

«በጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ያለ ጥርጣሬ መስማት ለእኛ ቀላል አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት የማገልገል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ፤ አልዘምትም ያለ የትምህርት በር ይዘጋበት ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ በዩኔስኮ ተሸልሟል። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ቁም ነገር ተገኝቷል፤ መካድ አይገባም። ሆኖም አገልግሎቱ የዜጋው ሲሆን ፈቃዱ የመንግሥት ነበር። የዛሬውስ? እኔም ይህንን ጥያቄ በሆዴ ይዤ ነበር ሐምሌ ሲገባ የትምህርት ቤቱን በር ያለፍኩት።

የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናቡ ሲበረታ አስጠኚውም ተማሪውም ዝም ብለው ይተያያሉ። ከአሥሩ በጎ ፈቃደኞች የመጡት ሰባት ናቸው። በመዝገብ ላይ የሰፈሩት ተማሪዎች 120፤ የመጡት 41። በትምህርት ወራት ልጆቹን የሚመግበው የትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ለክረምት ተዘግቷል። ቡድን መሪ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነም በዚያው ቀን ገባኝ። ደመወዝ የማይከፈለውን ወጣት አርፍደሃል ብለህ ልትቀጣው አትችልም፤ ያለህ ሥልጣን ከእርሱ ቀድመህ መገኘት ብቻ ነው።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ከአርባ አንዱ አንዱ ነበር። «ሀ ሁ»ን ጠየቅኩት፤ ሳይተነፍስ እስከ «ፐ» ወረደው። ደስ አለኝ። ከዚያ «ቀ»ን በጣቴ አሳየሁትና ምን እንደ ሆነ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ...» እያለ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ተጓዘና «ቀ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ልጁ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው የፊደልን ዜማ ነው። በየዓመቱ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፈውም ይኸው ዜማ ነበር።

ዓርብ ዕለት የሳምንቱ ሪፖርት ተጠየቀ። ቅጹ ላይ «የተጠቃሚ ተማሪዎች ብዛት» የሚል ሣጥን አለ። ሪፖርቱን የሚሰበስበው ሰው ስልክ ደውሎ «120 ብለህ ሙላው፤ ተመዝግበው የለ?» አለኝ፤ ክፋት በሌለው፣ በለመደ ድምፅ። ከእርሱም በላይ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ገባኝ።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። በሐሰት ሪፖርት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ከአስጠኚዎቹ አንዷ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ስልኩን ሰምታ ኖሮ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁጥራችን ካነሰ ጣቢያው ተዘግቶ ከሌላ ጋር ሊጠቀለል ይችላል። እነዚህ ልጆች በዚህ ዝናብ ያን ያህል መንገድ አይሄዱም። የእርስዎ እውነት አርባ አንዱን ብታስቀርስ?» አለችኝ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ለካስ የሐሰት ቁጥር የሚጻፈው በክፉ ሰዎች ብቻ አይደለም! ለልጆች የሚያዝኑ ሰዎችም ይጽፉታል።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ 41 ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴም ይህ ነው። 120 ብዬ ብሞላ ኖሮ የቀሩት 79 ልጆች በወረቀት ላይ መጥተዋልና የት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሐሰተኛ ቁጥር ዋነኛ በደሉ አለቃን ማታለሉ አይደለም፤ የጎደለውን ልጅ ከነጉድለቱ መሰረዙ ነው። ደግሞስ ደመወዝ የሌለው ሰው ምን ይቀነስበታል? ከሁላችን በቀለለ ዋጋ እውነት መናገር የሚችለው በጎ ፈቃደኛ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እየሄድን የቀሩትን ፈለግን። አንዳንዶቹ ጧት ጧት ጫማ ይጠርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ቆሎ ያዞራሉ፤ ጥቂት ሴቶች ልጆች ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ አንዱን ክፍል ከምሳ በኋላ አደረግነው። በሦስተኛው ሳምንት 53 ደረስን።

ጣቢያችን አልተዘጋም። ነገር ግን ደብተር የታደለን በሪፖርታችን ልክ ስለ ነበር የደረሰን 41 ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችኝም፤ አየችኝ ብቻ። አሥራ ሁለት ደብተሮች ከመሃል ሰንጥቀን አከፋፈልን። የእውነትን ዋጋ እኔ ሳልሆን ልጆቹ በግማሽ ደብተር እንደ ከፈሉት አልደብቃችሁም። 53 ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ዕደላ ጠበቅን።

ነሐሴ ሲጋመስ ለጎረቤቴ የልጅ ልጅ «ቀ»ን ደግሜ አሳየሁት። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። «ቀ» አለኝ፤ ቀጥ ብሎ። «በ»ን ግን ገና ከ«ሀ» ተነሥቶ ነው የሚያገኛት።