የስፕሬይ ሚዛን

በ1892 ክረምት ጆሹዋ ስሎከም ቦስተን ውስጥ ሥራ ፈት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በ1844 የተወለደው ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባሕር ላይ ያደገና በትላልቅ ባለ ሸራ መርከቦች አዛዥነት ዓለምን የዞረ ነው። ይሁን እንጂ ዘመኑ የእንፋሎት ዘመን ሆነ። ብረትና ድንጋይ ከሰል ሸራውን ከንግድ መሥመሮች ሲያስወጡት፣ ሸራውን ይዞ የኖረውም ሙያተኛ አብሮ ወጣ። የራሱ የነበረችውም የመጨረሻ መርከብ አኩዊድኔክ በብራዚል ዳርቻ ተሰባብራ ቀርታለች። እንግዲህ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የቀረው ሀብት በእጁና በዓይኑ ያለው ዕውቀት ብቻ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ኤበን ፒርስ የተባለ አንድ ጡረተኛ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን፣ ጥቂት ጥገና የምትሻ መርከብ እሰጥሃለሁ ብሎ በማሳቹሴትስ ወደምትገኘው ፌርሄቭን የጠራው። ስሎከም ሄዶ ያገኘው ግን ከባሕር ርቃ በመስክ ላይ በድጋፍ የቆመች፣ ሸራ የለበሰችና የበሰበሰች አሮጌ ጀልባ ነበር። ሰባት ዓመት እንዲሁ ቆማለች። የት እንደተሠራችና ማን እንደሠራት የሚገልጽ መዝገብ አልነበረም፤ ቀደም ሲል በደላዌር ዳርቻ የኦይስተር ቀንድ አውጣ ማስገሪያ እንደነበረች ብቻ ይነገራል።

ስሎከም መጥረቢያውን ይዞ ሥራውን ጀመረ። በአቅራቢያው የቆመውን የኦክ ዛፍ ቆርጦ ለጀልባዪቱ የጀርባ አጥንት አደረገው። ጎድኖቿን በእንፋሎት አለስልሶ አጎበጣቸው፤ ከሥራው ያባረረው እንፋሎት እዚህ ላይ አገልጋዩ ሆነ። ገላዋን ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል በሆነ የጆርጅያ ጥድ ሳንቃ አለበሳትና ስንጥቆቿን በጥጥና በቃጫ ወተፈ። የሰፈሩ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር። ጉዳዩን የሚያውቁት ሽማግሌ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ግን ጎራ እያሉ እንጨቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ፍርዳቸውን ይሰጡ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዳኛ ያገኘ አናጢ ዕድለኛ ነው። ሥራው 13 ወራት ፈጀ። ለዕቃ መግዣ የወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስሎከም ከአሮጌዪቱ ጀልባ እያንዳንዱን እንጨት ሲነቅል ቦታውን በአዲስ ይተካ ስለነበር፣ በመጨረሻ የአሮጌው ጣውላ ጠፍቶ ቅርጹ ቀረ። እርሱ የጨመረው የጎኗን ከፍታ ብቻ ነው፤ ከመሐል 12፣ ከፊት 18፣ ከኋላ 14 ኢንች። ስለዚህ የስፕሬይን ንድፍ ያወጣው መሐንዲስ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ዓሣ አስጋሪዎችና አናጢዎች ናቸው የሚል ነው።

ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወርዷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ነው፤ በሜትር 11.2 በ4.3 ያህል መሆኑ ነው። ለርዝመቷ እጅግ ሰፊ ናት። ሆዷ ጠፍጣፋ ሆኖ በውኃ ውስጥ ጥልቀት የላትም። ሚዛን የሚጠብቅላት ክብደትም ከታች ከጀርባ አጥንቷ የተንጠለጠለ ብረት ሳይሆን፣ ከውስጥ ፈስሶ በድጋፍ የታሰረ ሲሚንቶ ነበር። ከዘመኑ የሽቅድምድም ጀልባዎች አጠገብ ብትቆም፣ በጋሪ ፈረሶች መካከል ያለች የወተት ላም ትመስላለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህች ላም በሚያዝያ 1895 ከቦስተን ተነሥታ በሰኔ 1898 ኒውፖርት ስትገባ 46,000 ማይል ያህል ተጉዛለች። በላይዋ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሎከም ብቻውን ዓለምን በጀልባ ሲዞር የመጀመሪያው ሆነ። የመጀመሪያ ዕቅዱ በሜዲተራንያንና በሱዌዝ አልፎ በቀይ ባሕር መውረድ ነበር። በጂብራልታር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች የባሕር ወንበዴዎችን ነገር ነግረው ባያስመልሱት ኖሮ፣ የአድዋ ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በምጽዋ አጠገብ ማለፉ አይቀርም ነበር። ወደ ምዕራብ ዞሮም ከወንበዴ አላመለጠም፤ በሞሮኮ ዳርቻ አንድ ጀልባ አሳድዶታል።

የስፕሬይን ዝና ያተረፈላት ፍጥነቷ አይደለም። ከአውስትራልያ ሰሜን ጫፍ ከተርስዴይ ደሴት እስከ ኪሊንግ ኮኮስ ደሴቶች ያለውን 2,700 ማይል በ23 ቀናት ጨርሳለች፤ ይህ በቀን ከ117 ማይል ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ ለትንሽ ጀልባ ጥሩ፣ ግን የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው በነዚያ 23 ቀናት ውስጥ ስሎከም መሪውን የያዘበት ጊዜ ወደብ ለመግባት የታገለው ጭምር ተደምሮ ከሦስት ሰዓት የማይበልጥ መሆኑ ነው። በፓስፊክም ከሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት እስከ ሳሞአ ያሳለፋቸውን 72 ቀናት በአብዛኛው በማንበብ፣ ምግብ በማብሰልና በመተኛት ነው የገፋቸው። መሪው በገመድ ታስሮ ጀልባዪቱ መንገዷን ራሷ ትይዛለች። ዛሬ ይህን የሚሠራ መሣሪያ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ መርከበኞች ሐሰት ነው ብለውታል።

ምሥጢሩን በሒሳብ ለመግለጥ የሞከረው ሲፕሪያኖ አንድራዴ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1909 ባወጣው ጥናት የደረሰበትን ቀለል አድርጎ መግለጽ ይቻላል። ጀልባ በነፋስ ወደ ጎን ባዘነበለች ጊዜ በውኃ ውስጥ ያለው የገላዋ ቅርጽ ይለወጣል። ፊቷ ቀጭን፣ ኋላዋ ወፍራም ከሆነ፣ ኋላዋ ይነሣል፣ አፍንጫዋ ይጠልቃል፣ ጀልባዪቱም ወደ ነፋሱ ልትዞር ትታገላለች፤ መሪ ያዡም ቀኑን ሙሉ ከርሷ ጋር ሲተናነቅ ይውላል። ስፕሬይ ግን ፊትና ኋላዋ የተመጣጠነ ስለነበር ብታዘነብልም ያው ነበረች፤ የነፋሱ ግፊትና የውኃው መቋቋም በአንድ ሥፍራ ይገናኛሉ። በሁለት ጎኗ እኩል የተጫነች በቅሎ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ጭነቷ ሳይዞርባት እንደምትሄድ ማለት ነው። አንድራዴ ሚዛኗን እንከን የለሽ ነው ሲል አደነቀ።

በዚህ ምስጋና የተማረኩ ብዙዎች የስፕሬይን ቅጂ መሥራት ጀመሩ። ጉዳዩ ከውበት ክርክር ወደ ሕይወትና ሞት ክርክር የተሸጋገረው በዚህ ነው። ታሂቲ በመባል የታወቀችውን ጀልባ የነደፈው ጆን ሃና በብርቱ ቃል ተቃወመ፤ እነዚህን ቅጂዎች የሚሠሩ ሰዎች ሞታቸውን እየሠሩ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ምክንያቱ ተራ አይደለም። ሰፊ ጀልባ በመጀመሪያ ሲገፏት ጠንካራ ናት፤ በቀላሉ አታዘነብልም። ከተወሰነ ዳገት ካለፈች በኋላ ግን ያው ስፋቷ ጠላቷ ይሆናል፤ ክብደቷም ከውስጥ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የሚመልሳት ኃይል ያንሳል። እንደ ተገለበጠ ሣህን በጀርባዋ ተኝታ ልትቀር ትችላለች። ነፋስን ፊት ለፊት ለመጋፈጥ በሚሞከርበትም ጊዜ እንዲህ ያለው ቅርጽ ድካሙ የታወቀ ነው።

የፓንዶራ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሆናል። በስፕሬይ አምሳል ተሠርታ ሁለት ሰዎችን ይዛ በ1910 ከምዕራብ አውስትራልያ የተነሣችው ይህች ጀልባ በ1911 በኬፕ ሆርን አካባቢ ማዕበል ገለበጣት። ምሰሶዎቿ ተሰብረው ግን ቀና አለች፤ ሰዎቹም ተረፉ። አሜሪካ ደርሳ ከኒውዮርክ ከወጣች በኋላ ግን የደረሰችበት አልታወቀም። ሃናን ትክክል ነው ለማለትም፣ ስሕተተኛ ነው ለማለትም ይህ አይበቃም።

ከክርክሩ ውስጥ አዘውትሮ የሚዘነጋው የስሎከም እጅ ነው። ጀልባዪቱ ራሷ ሄደች ሲል በትሕትና የተናገረውን አንባቢዎቹ ቃል በቃል ተቀበሉት። ነገር ግን በፓታጎንያ ዳርቻና በማጄላን መተላለፊያ ክፉ የአየር ጠባይ ሲገጥመው ዋናውን ሸራ አሳንሶ ከኋላ ሁለተኛ ትንሽ ምሰሶ የተከለው እርሱ ነው። በሳሞአ የደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ባለቤት የነበረችው ወይዘሮ የሰጠችውን ቀርከሃ ከፊት አስረዝሞ ትንሽ ሸራ የሰቀለበትም እርሱ ነው፤ ያ ሸራ አፍንጫዋ ከመንገድ ሊወጣ ሲል መልሶ ይስባት ነበር። መሪውን ያልያዘው ሰው ሸራውን በልኩ እስኪያደርግ የደከመውን ድካም ማንም አልቆጠረለትም። አንድራዴ የለካው በወረቀት ላይ ያለችውን ስፕሬይ ነው፤ በባሕር ላይ የነበረችው ስፕሬይ ግማሽ አካሏ ስሎከም ነበር። ቅጂ ሠሪዎች ሊቀዱ ያልቻሉት ይህን ነው።

ከጉዞው በኋላ መጽሐፉ በ1900 ታተመ፤ ገንዘብም ዝናም አገኘ። በማርታስ ቪንያርድ ደሴት እርሻ ገዛ፤ እርሻው ግን አልያዘውም። በየክረምቱ በስፕሬይ ወደ ካሪቢያን ባሕር መውረድ ልማዱ ሆነ። ሰውዬው አረጀ፤ ጀልባዪቱም አረጀች፤ ገመዶቿ መላላታቸውንና ሳንቃዋ መድከሙን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያዩዋት መርከበኞች ታዝበዋል። ዋና አያውቅም ነበር። በደቡብ አሜሪካ ታላላቅ ወንዞች ሽቅብ ለመጓዝ አስቦ ከደሴቲቱ ከተነሣ በኋላ የሰውም የጀልባም ወሬ አልተሰማም። ፍርድ ቤት በ1924 በሰጠው ውሳኔ የሞተበት ቀን ኅዳር 14 ቀን 1909 ተብሎ ተቆጠረ፤ ይኸውም የአንድራዴ ጥናት በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። ማዕበል ይሁን የሌሊት መርከብ ግጭት፣ ወይም ጊዜ የበላው አንድ ሳንቃ፣ የሚለይበት ስብርባሪ አልተገኘም።