ቁልፉን ከማዞርህ በፊት ኮፈኑን ክፈት

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነበር። አክስቴን ለሕክምና ቀጠሮ ወደ ጎንደር ላመጣት የአጎቴን ኮሮላ ይዤ ሄጄ ደባርቅ አደርኩ። ቀጠሮዋ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፈጅር ሰግደን ከወጣን እንደርሳለን ብዬ ነበር።

ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" አለና ዝም። ለካ ማታ በጉም ውስጥ ስገባ ያበራሁትን መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት። የደባርቅ ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣለች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ ይከብድ ነበር።

የሚያልፍ አይሱዙ አስቆምኩ። ሹፌሩ ወርዶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "የኔ 24 ቮልት ነው፤ ያንተ 12። ካገናኘነው ያቃጥልብሃል" ብሎኝ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚኒባስ ሹፌር የሆኑ አንድ አባት ቆሙልኝ። ገመዱን ተቀብዬ ላያይዝ ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ ልጄ፣ በቅደም ተከተል ነው።"

ሁለቱም መኪኖች ጠፍተው፣ ሳይነካኩ ይቆማሉ። መጀመሪያ ቀዩ ገመድ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፤ ሌላው ጫፉ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ። ከዚያ ጥቁሩ በደህናው ኔጋቲቭ ላይ። የጥቁሩ ሌላ ጫፍ ግን ወደ ሞተው ባትሪ አይሄድም፤ ከባትሪው ራቅ ብሎ የሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል። ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል፣ የመጨረሻዋ ብልጭታ አጠገቡ መሆን የለባትም።

ሚኒባሱን አስነስተው ባትሪዬ ጥቂት ደቂቃ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ የዘይት መለኪያውን መዘው በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ከተው አወጡት። ዘይቱ ጫፉን ብቻ ነው የነካው። በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን ነበረበት። የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያም ባዶ ነው።

"አንተ መንዳት እንጂ መኪና አልተማርክም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከመኪናቸው ዘይት ሰጡኝ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ራዲያተሩን ከፍተው ንጹህ ውሃ ሞሉልኝ። "ይሄ ለዛሬ ነው፤ ጎንደር ስትገባ ኩላንት አስሞላ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ግን ክዳኑን እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጥሃል" አሉ። በኋላ ሳነብ እንዳወቅኩት፣ ደባርቅ ያለችበት 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኩላንትና በደንብ የሚገጥም ክዳን በደጋ መንገድ ላይ ቅንጦት አይደሉም።

ኮሮላው ተነሳ። ገመዱን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ፈታን፤ ባትሪው እንዲሞላ እስከ ጎንደር ሞተሩን እንዳላጠፋም አስጠነቀቁኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል "ነገ አንተም ለሌላው ቁም" ብለው ሄዱ።

ጎንደር የደረስነው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የአክስቴ ተራ አልፎ ለሌላ ሳምንት ተቀጠረች። ያን ሳምንት በሙሉ ሕመሟን ችላ የጠበቀችው እኔ አንድ መብራት ማጥፋት ስለረሳሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን እከፍታለሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሜ ዘይት አያለሁ፣ ኩላንት አያለሁ፣ የባትሪውን ጫፎች አጸዳለሁ። የፍሬን ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ከወረደ ዝም ብዬ አልጨምርም፤ ወይ ያፈሳል ወይ ሸራው አልቋል ማለት ነውና ለመካኒክ አሳያለሁ። ከደባርቅ አልፈህ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ ስትወርድ፣ ነፍስህን የያዘው ያ ትንሽ ዕቃ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ አያይም፤ አንተን አምኖ ነው የተሳፈረው።