ያለ ስለት ቁልቢን ማለፍ

አሰላ ውስጥ ባልና ሚስት ሻንጣ ይዘው ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ማንም አለመሞቱ ሲረጋገጥ ጥያቄው ወደ ሠርግ ይዞራል፤ ሠርግም ከሌለ ሐኪም ቤት ይቀራል። የብቅል ፋብሪካ ሠራተኛው ባልና መምህርቷ ሚስት ግን ከሦስቱ አንዱንም አላሟሉም። እሷ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና አርማ እንደጨረሰች በጥር መጨረሻ ተነሡ፤ የተጋቡበትን አሥረኛ ዓመት ሐረር ሊያከብሩ። ይባስ ብሎ ልጆቹን ትተዋቸው ነው።

«ልጆቹስ?» አሉ ጎረቤታቸው አዴ።

«አያታቸው ዘንድ ናቸው።»

«ምነው፣ ምን አጠፉ?»

አዴ አይፈረድባቸውም። በአርሲ ደጋ ባልና ሚስት አብረው ሲጓዙ የኖሩት ሰበብ ይዘው ነው። ሙስሊሙ ባላ የሆነች በትሩን ይዞ፣ ስንቁን በአህያ ጭኖ ወደ ባሌው ድሬ ሼኽ ሁሴን ይሄዳል። እዚያው አርሲ ውስጥ ወደምትገኘው ፈረቀሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጎርፋል። ክርስቲያኑ ደግሞ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለበት። ስለት የሌለው ቢያንስ ወገቡን ያመዋል፤ ለወገብ ሶደሬ አለ። ከአሰላ ወደ አዳማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ይህ ፍል ውሃ ለስንቱ ባለትዳር የመጀመሪያ ሽርሽር ሆኗል። ብዙ ወገብ እዚያ መድረሱ ብቻ በቅቶት ድኗል።

ሰበብ መፈለግ የእኛ ብቻ ዐመል እንዳይመስል። የዘመናዊ የቡድን ሽርሽር አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያዎቹን 500 ያህል መንገደኞች ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ሲወስድ ሰበቡ ፀረ መጠጥ ስብሰባ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሀብታም የእንግሊዝ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ የሚጓዙትም ብቻቸውን ለመሆን አልነበረም፤ ሠርጉ ላይ መገኘት ያልቻሉ ዘመዶችን እየዞሩ ለመጠየቅ ነው። በሠረገላ የሚዞር መልስ ማለት ነው፤ አንዳንዴም ዘመድ ወይም ጓደኛ አብሮ ይሳፈራል።

በእኛ በኩል ሙሽራ ይደበቃል እንጂ አይጓዝም። ጫጉላ ቤት ይገባል፣ ሚዜ ይጠብቀዋል፣ ምግቡ ይመጣለታል። የሠርጉን ቀን በየዓመቱ ቆጥሮ ማክበር ደግሞ ከዚያም የባሰ እንግዳ ነገር ነው። አርሲ ውስጥ ገበሬው የሚድረው ገብስና ስንዴው ከተወቃ በኋላ በጥር ስለሆነ፣ ሽማግሌን «መቼ ተጋባችሁ?» ብትሉት የሚነግራችሁ ቀኑን ሳይሆን የዚያን ዓመት ምርት ነው። የዘንድሮ ባለትዳሮች ቀኑን የሚያስታውሱት አንድም በሠርግ ቪዲዮው፣ አንድም በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ነው።

መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው አሰላ ቁልቁል በኢተያና በዴራ አዳማ ይገባል፤ ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፤ ጭሮ ላይ እንደገና ደጋ። ከሂርና በኋላ ቁልቢ ሲደርሱ ባልየው ከመስኮቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየና ሚስቱን አየ። ሰው ልጅ ለመለመንና የተለመነውን ልጅ ለማስጠመቅ የሚመጣበትን ደጅ እነሱ ልጆቻቸውን ጥለው ማለፋቸው ነው። ሚስትየዋ ቀስ ብላ አማተበች፤ ለጥንቃቄ ያህል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር በግንብ ያሳጠሩት የሐረር ጀጎል በአምስት ጥንታዊ በሮቹ ይታወቃል፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ላይ ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት ወጥተው፣ ባልና ሚስቱ ስለ ጅቡ ሳይሆን ልጆቹ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ሲያወሩ አመሹ።

ትልቁ ግኝት ግን የሐረሪ ቤት ውስጥ ነበር። በእንግዳ መቀበያው ባሉት ከፍ ዝቅ ያሉ ቀይ መደቦች አጠገብ ኪርታት የሚሏት ጠባብ ክፍል አለች። በጥንቱ ወግ አዲስ ሙሽሮች ሳምንት ያህል የሚከርሙት እዚያ ነው፤ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። አሰላዎቹ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ሙሽሮች ከቤት ሳይወጡ ሽርሽር የሚጨርሱበትን ክፍል ሊያዩ ኖሯል! አስጎብኚው ደግሞ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ነገራቸው። የመጀመሪያ ልጁ ሴት የሆነችው አባት ወዲያው ምንጣፍ እንደማይገዛ አስታወቀ።

በማግስቱ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በሆነው ሕንፃ ገቡ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኮንን በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የሐረርጌ ገዥ ነበሩ፤ የጫጉላ ጊዜያቸውንም በዚህ ቤት አሳለፉ ይባላል። ታላቁ የሐረር ጫጉላ እንግዲህ ባልየው ሥራ ቦታው ላይ ሆኖ ያሳለፈው ነው። ሁለቱም ቀደም ብለው የወለዷቸው ልጆች ስለነበሯቸው «ልጆቹስ?» የሚለው ጥያቄ ለእነሱም የሚቀር አልነበረም። ሚስትየዋ ይህን ስትሰማ ስልኳን አውጥታ አያትየዋ ጋ ደወለች።

አሰላ ከተመለሱ ወዲህ አንድ የሰፈር ባለትዳር የአልጋውንና የመሳፈሪያውን ዋጋ በየቀኑ ይጠይቃቸዋል። ለመጪው ጥር ጎንደርን አስቧል፤ ልጆቹን እህቱ ትይዝለታለች። የሠርጉ ቀን የሚውለው ወሩ መጨረሻ ላይ ቢሆንም ጉዞውን ወደ ጥር 10 አምጥቶታል። ለሚጠይቀው ሁሉ ጥምቀትን ሊያከብር እንደሚሄድ ከወዲሁ እየተናገረ ነው።