አርዲቦ ዳር የተሰበረው ኡቡንቱ



ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለው የአጎቴ ቤት ነበርኩ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የአርዲቦን የውሃ ዳርቻ ከሳተላይት ምስል እያነበቡ በካርታ ማስቀመጥ ነው። ሦስት ነን፤ ሥራው ግን ያለው እኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። አማና ነው። ቅጂ አልያዝኩም፤ ለዚህ ምክንያት አላቀርብም።

ላፕቶፔ ላይ የነበረው ኡቡንቱ 22.04 ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ድጋፍ ስላለው ማንም አላስቸኮለኝም፤ እኔ ግን 24.04 አማረኝ። ኡቡንቱ ለዚህ የራሱ የማሻሻያ ፕሮግራም አለው፤ ከውጭ የጨመርናቸውን ምንጮች አስቀድሞ ይዘጋል። አቋራጭ ፈልጌ፣ የምንጮቹ ዝርዝር ውስጥ «ጃሚ» የሚለውን የእትም ስም በእጄ «ኖብል» ብዬ ቀየርኩና አፕትን አስጀመርኩ።

መሃል ላይ ፓኬጅ አለቀ። የሞባይሉን ማለቴ ነው፤ የኡቡንቱ ፓኬጆችማ ገና ግማሽ ናቸው። አፕት ሁሉንም ሳያወርድ መጫን አይጀምርም፤ እዚያ ላይ ብተወው ምንም አልሆንም ነበር። ግን የጎደለውን ትቶ እንዲቀጥል አዘዝኩት። የሚጠፉ ፓኬጆችን ረጅም ዝርዝር አሳይቶ «ልቀጥል?» አለኝ። ሳላነብ አዎ አልኩ። ካርታ የምንሠራበት ኪውጂአይኤስ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ላፕቶፑን ዘግቼ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ጠየቀኝ። መስኮት የለም፣ ማውስ የለም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ልክ ነበር፦ ተፈተው ሳይዋቀሩ የቀሩትን ፓኬጆች ዲፒኬጂ እንዲጨርሳቸው አዘዝኩ። የተወሰኑት ተስተካከሉ። ከዚያ አፕት የተሰበረውን እንዲጠግን ስጠይቀው «ይህ ያንን ይፈልጋል፤ ያኛው ግን አይጫንም» የሚል መዓት አወረደብኝ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻው መስመር ስለሆነ እሱን ይዤ ታገልኩ። አንዱን ልጭን ስል ሌላ ይጠይቃል፣ ያኛው ሌላ። ሁለት ቀን። በመሃሉ የፕሮጀክት ጓደኛዬ ደውላ «እንዴት ነው ካርታው?» አለችኝ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነው» አልኩ።

ከዐስር በኋላ ቡና ላይ አጎቴ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። እንደሚሆን አድርጌ አስረዳሁት። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ሎጎ ሐይቅ እንደሚገባ እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። «ታች ውሃው ቢደፈርስ ታች ቆመህ ታያለህ እንዴ? ወደ ላይ ውጣ እንጂ» አለና ወደ ሲኒው ተመለሰ።

መልእክቱን ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ከመጀመሪያው መስመር አነበብኩት። ጂዳል ነበር። ጂዳል የካርታና የሳተላይት ምስል ፋይሎችን የሚያነብ ላይብረሪ ነው፤ ኪውጂአይኤስ ያለሱ አይሠራም። ኡቡንቱ 22.04 የያዘው 3.4ን፣ 24.04 ደግሞ 3.8ን ነው። እኔ ግን አዲስ ይሻላል ብዬ አምና ከሌላ ምንጭ ያመጣሁት ነበረኝ፤ እሱም ለአሮጌው እትም የተሠራ ስለሆነ አሮጌዎቹን ላይብረሪዎች አልለቅም አለ። የቀረው ጩኸት ሁሉ ከዚያ የወረደ ነው።

የውጭውን ምንጭ ዘጋሁ። ጂዳልንና ከእሱ ጋር የመጡትን ለማጥፋት ትእዛዙን መጀመሪያ በሙከራ ብቻ አስኬድኩት፤ አፕት ምንም ሳይነካ ምን እንደሚያደርግ ብቻ የሚያሳይበት አማራጭ አለው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ስም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከዚያ አጠፋሁ፣ ሐይቅ ከተማ ወርጄ የሞባይል ፓኬጅ ገዛሁ፣ የቀረውን አወረድኩ። መግሪብ ሳይደርስ መስኮቱ መጣ።

ፓኬጅ ሲበላሽ የራሳችን ፋይሎች ያሉበት ማህደር አይነካም፤ ካርታው ሁለቱንም ቀን እዚያው ነበር። ይህንን ቀድሜ ባውቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ኪውጂአይኤስን እንደገና ጭኜ ስከፍተው የአርዲቦ ዳርቻ እንደተውኩት ተዘርግቷል። ወዲያው ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።

የፕሮጀክት ጓደኞቼ ይህን የሚሰሙት ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር ነው። አውፍ በሉኝ።