በኀፍረት የተተወ መድኃኒት

ሰው በገንዘቡ ወይም በሹመቱ የደረሰበትን ጉድለት ለወዳጁ ይናገራል፤ በመኝታ ቤቱ የደረሰበትን ጉድለት ግን ለሐኪሙ እንኳ መናገር ያፍራል። ይህ ኀፍረት እኛን ከሞት አፋፍ አድርሶን ነበርና፥ አንባቢዎቻችን ይማሩበት ዘንድ ልንጽፈው ወደድን።

ቡናና ጫት በሚበቅልባት በገለምሶ ስንኖር፥ የደም ግፊታችንን ሳንጠብቅ፥ ከቀትር በኋላም ከበርጫ ሳንለይ ቆየን። አንድ ማለዳ ቀኝ እጃችን አልታዘዝ አለን፤ አንደበታችንም ተሳሰረ። ሕመሙ ስትሮክ፥ ይኸውም ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር መደፈን ሆኖ ተገኘ። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፥ ለደም ስብ አቶርቫስታቲን፥ ለግፊቱም አቴኖሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዘዘልን። እጃችን እየበረታ ሄደ፤ ነገር ግን ከባለቤታችን ጋር እንደ ቀድሞው መሆን ተሳነን። በበርጫ ላይ አንድ ወዳጃችን «ይህ ኪኒን ወንድነትን ያጠፋል» ቢለን፥ ለማንም ሳንናገር ሁሉንም ባንድ ቀን ተውነው።

ሳምንት ሳይሞላ አፋችን ለጥቂት ጊዜ ጠመመ። ባለቤታችንም ኪኒኖቹን ከትራስ ሥር አግኝታ፥ «እኔ የምሻው እርስዎ በሕይወት እንዲኖሩልኝ ነው» ብላ እያለቀሰች ወደ ሐኪም ወሰደችን።

ሐኪሙ ሳይስቅብን አዳመጠን፤ እንዲህም ሲል አስረዳን። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አቴኖሎል በአንዳንድ ወንዶች ላይ ይህን ድካም ሊያመጡ ይችላሉ፤ አስፒሪን ግን በዚህ አይከሰስም። ደግሞም የደም ሥር መጥበብ፥ የስኳር በሽታ፥ ኀዘንና ፍርሃት ራሳቸው ያደክማሉ። አቴኖሎልን ባንድ ጊዜ መተው ግፊቱን ሽቅብ ሊያስፈነጥረው፥ ልብንም ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ የግፊቱን መድኃኒቶች ቀስ በቀስ በኢናላፕሪልና በአምሎዲፒን ለወጠልን፤ ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ጫትም እንድንተው አዘዘን። ስለ ሲልደናፊል ብንጠይቀው፥ ለደረት ውጋት ከሚሰጠው ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ቢወሰድ ግፊትን እስከ ሞት ሊያወርድ ስለሚችል፥ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳንነካው አስጠነቀቀን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያጣነው ሁሉ ባይሆን ብዙው ተመለሰልን፤ የቤታችንም ሰላም ጸና። እንግዲህ እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት ሁሉ መድኃኒቱን ሳይሆን ዝምታውን ይተው። ሐኪም ኪኒኑን ሊለውጥ የሚችለው ሲነገረው ነውና።